በቀን ሦስቴ የጠጣው ቀርከሃ

ልጄ ሃና፣ ቡራዩ ባለው ቤታችን ጓሮ በተተከለው የቀርከሃ ችግኝ ላይ ጆግ ሙሉ ውሃ ስታፈስ፣ የጨቀየው አፈር ሽታ በልጅነቴ ወደኖርኩበት ሰበታ፣ ኦቦ ቶላ ግቢ ድረስ ይዞኝ ሄደ።

ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ ቅርጫት ሠሪ ነበሩ። አንድ ዓመት ቀርከሃቸው አበበ። ቀርከሃ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ ዘር ይሰጥና ይደርቃል። ዘሩን በሣጥን ዘሩት፤ ሣር የመሰለው ቡቃያ ብቅ ሲልም «ጠዋት ጠዋት ትንሽ ውሃ እርጭ» ብለው ለእኔ አደራ ሰጡኝ። እኔ ግን በጣም ስለወደድኩት በቀን ሦስቴ አጠጣሁት። በሳምንቱ ከሥሩ በስብሶ ተጋደመ።

«ስንቴ አጠጣኸው?» አሉኝ።

አንዴ ልል አሰብኩ። «ሦስቴ» አልኩ።

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እኔም ልጅ ሆኜ የአባቴን ሽንኩርት እንዲሁ አስጥሜዋለሁ። ለዚህ ነው ግማሹን ዘር የደበቅሁብህ» አሉና ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ዘር አወጡ። እየሳቅን አብረን ዘራነው። «ሥር የሚረዝመው ውሃ ፍለጋ ነው፤ ሁሉን እደጁ ካቀረብክለት ለምን ብሎ ይሄዳል?» አሉኝ። ስለ ቀርከሃ ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ይህን ለሃና ነገርኳትና «መልካም ነገርም ሲበዛ ይጎዳል» የሚል ምክር ጨመርኩበት።

ጆጉን አስቀመጠች። «አባዬ፣ አንተስ እኔን በቀን ስንቴ ነው የምትመክረኝ?»

አንዴ ልላት አሰብኩ። «ሦስቴ» አልኳት፤ ሳቃችን ጎረቤት ድረስ ተሰማ።