የጽጌሬዳ ጥያቄዎች

ሻምበል አባይነህ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ከሠራዊቱ ሲሰናበቱ፣ ሐረር ውስጥ ከሐኪም ጋራ ተራራ ግርጌ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ወንበር አስወጥተው ዝም ብለው መዋል ጀመሩ። በድምፃቸው ሰፈሩን ያናውጡ የነበሩት ሰው ቃል የሚወጣቸው በግድ ሆነ። ባለቤታቸውን ጽጌሬዳን ከዓይናቸው መጥፋት ይልቅ ዝምታቸው አስፈራት። ስለዚህ አንድ ጠዋት፣ "የአርበኝነት ታሪኬን ላጽፍሽ" ሲሏት እየሮጠች ብዕርና ወረቀት ፍለጋ ገባች። ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም የእጅ ጽሕፈቷ ያምር ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ አጻፏት። "ጠላት በምሥራቅ መጣ፤ ተኮስን፤ ሸሸ።" ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጻፈችውን ስታነብላቸው፣ ሻምበል ገና ከመሐሉ ሳትደርስ አንገታቸውን ደፍተው አንኮራፉ።

ሲነቁ አፈር ብለው፣ "እንዴት ነው ታዲያ?" አሏት።

"ሻምበል፣ አይቆጡኝና፣ እዚህ ውስጥ እርስዎ የሉበትም።"

"የት ሄድኩ?"

"እኔም እሱን ነው የምፈልገው። የውጊያው ቀን ምን በልተው ነበር?"

"የጦርነት ታሪክ ነው የማጽፍሽ ወይስ የጓዳ?" ብለው በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

ጽጌሬዳ ብዕሯን እንደያዘች ጠበቀች። የሻምበል ፊት ተለወጠ።

"ቆሎ" አሉ። "ዝናብ የመታው፣ ያበጠ ቆሎ። ዘውዴ የራሱን እፍኝ እጄ ላይ ገለበጠልኝና 'እኔ ጠግቤአለሁ' አለኝ። ውሸቱን ነበር።"

ዘውዴ በዚያው ዕለት የወደቀ ባልንጀራቸው ነው። ስሙን ከዚያ ወዲህ በቤታቸው አንሥተው አያውቁም ነበር። እሳቸው እያለቀሱ ነገሯት፤ እሷም እያለቀሰች ጻፈች።

ሥራው መልክ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ጽጌሬዳ ሲናገሩ አታቋርጥም፤ የመጣውን እንደመጣ ታሰፍራለች። የጻፈችውንም ወዲያው አትነካካውም፤ እንደ ጠላ ጥንስስ ከድና ትተወዋለች። ሲሰነብት አውጥታ ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ ምላሷን ያደናቀፈውን ትሰርዛለች። ነገር ሲጠፋባት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ፈላና በር ገበያ ትሄድና ከለውዝ ሻጮቹ አጠገብ ቆማ ሰው ሲከራከር፣ ሲሳሳቅ፣ ሲረጋገም ታዳምጣለች።

"ወላሂ፣ ይቺ ሴት ገበያ የምትወጣው ወሬ ልትሸምት ነው!" እያለች ጎረቤቷ ሳፊያ ትስቅባት ነበር። ጽጌሬዳም አልካደችም።

አንድ ቀን የዘውዴን ሞት ታነብላቸው ጀመር። የዘውዴ እናት ደጃፋቸው ላይ ገብስ ሲያሰጡ ድንገት ዝናብ ሲመጣ፣ ገብሱን ትተው፣ "ልጄ የት ተጠልሎ ይሆን?" ካሉበት ስትደርስ ሻምበል እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ! ይህን እኔ አልነገርኩሽም።"

ደነገጠች። "አዎ፣ አልነገሩኝም።"

"ታዲያ ከየት አመጣሽው?"

"እንጃ። ስለ ዝናቡ ስጽፍ፣ እናቱም ዘንድ ይዘንብ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እሳቸው መጡ። ልሰርዘው?"

"እንዳትነኪው!" አሉ ሻምበል። ድምፃቸው ተመልሶ ነበር። "ግን ከእኔ ታሪክ አውጪው፤ ይሄ ያንቺ ነው። የኔ ሲያልቅ የራስሽን ጻፊ። ያኔ ጠያቂው እኔ ነኝ።"

የሻምበል ታሪክ ሲያልቅ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ሲጠይቁም አይራሩም። ጽጌሬዳ ከድሬ ጠያራ ገጠር ማሽላ ይዛ ስለምትመጣ አንዲት ገበሬ ስትጽፍ፣ "ለምን ዘገየች? መንገድ ላይ ማንን ፈራች? ስትፈራ እጇ ምን ያደርጋል?" እያሉ ያፋጥጧታል። አንዳንዴ ተበሳጭታ ወረቀቱን ጥላ ትነሣለች። በማግሥቱ ግን መልሱን አግኝታ ከፊታቸው ትቀመጣለች። አንድ አሳታሚ ጽሑፏን መለሰባት፤ ሰንበትበት ብሎ ሌላው ተቀበለላት። ቀጭኑ መጽሐፍ ሐረር ሲደርስ ሻምበል ሽፋኑን ደጋግመው ዳበሱት፤ ስሟ ያለበትን ቦታም ጣታቸውን ይዛ እንድታሳያቸው ለመኗት።

ሳፊያ የአማርኛ ፊደል ስለማታውቅ፣ ጽጌሬዳ ጀጎል ግንብ ውስጥ ካለው ከሳፊያ እናት ቤት ሄዳ ለሴቶቹ የገበሬዋን ታሪክ አነበበችላቸው። ስትጀምር ሳቁ፤ ኋላ ጠጋ ጠጋ አሉ። ስትጨርስ ሳፊያ ዓይኗን ጠረገችና፣

"ይቺን ሴትዮ እኔ አውቃታለሁ፤ ፈላና በር ነው የምትሸጠው። አንቺ የት አገኘሻት?" አለቻት።

"ወረቀቱ ላይ ነው የተዋወቅነው" አለች ጽጌሬዳ።