ያልላክሁት ኮምፒውተር

ከእንጅባራ የወጣሁ ዕለት ገና አልነጋም ነበር፤ ዝናቡም አላባራም። እንጅባራ ላይ ዘነበ ማለት ወሬ አይደለም፤ የዚያን ዕለቱ ግን የአውቶቡሱን ጣሪያ ሲደበድበው እስካሁን ይሰማኛል። ሻንጣዬን ተሸክሞ የሸኘኝ ታላቅ ወንድሜ አያሌው ነው። ከመንደራችን ከዘንገና እስከ መናኸሪያው ፊት ፊቴ ሲሄድ አንዴም ዞሮ አላየኝም። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ግን እጁን በመስኮት አስገብቶ ትከሻዬን ያዘና፣ «አደራ፣ እንዳትረሺን» አለኝ። አልረሳችሁም አልሁት። ቃሌን ጠብቄያለሁ። አንዱንም ነገር አልረሳሁም።

ይህን የምጽፈው ለዘንገናና ለግምጃ ቤት ከተማ ሰዎች፣ እንደ እኔ ወጥታችሁ ለቀራችሁትም ጭምር ነው። «ይታይሽ ለወንድሟ ልጅ አንድ ኮምፒውተር ነፈገች» የሚል ወሬ ከአገር ቤት ተነስቶ እዚህ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ድረስ ደርሶኛል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጉንጬን ትስም የነበረች አንዲት የዳንግላ ልጅ አሁን ስታየኝ ነጠላዋን ማስተካከል ትጀምራለች። ወሬው ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ነው የደረሳችሁ። ቀሪውን ከእኔ ስሙት።

ከአዲስ አበባ ወደ ቤይሩት፣ ከቤይሩት ወደዚህ እንዴት እንደተሻገርሁ አልጽፍም። ያየ አይቶታል፤ ያላየ ቢነግሩት ለወሬ ነው የሚፈልገው። ይህን ያህል ብቻ ልበል፦ የእንጅባራን ብርድ አጥንት ይሰብራል እያልን የምናማው ብርድ አይተን ስለማናውቅ ነው። እዚህ የዓይን ሽፋሽፍት በረዶ ይይዛል። ድንቹ ታጥቦ በላስቲክ ይሸጣል፤ ቢቀቅሉት ይበስላል እንጂ እንደ እኛው አገር ድንች ፈርከስ ብሎ አፍ ውስጥ አይሟሟም። ሰዉ ሲያልፍ ጥርሱን ያሳይሃል፣ ስምህን ግን አይጠይቅም። አከራዬ አንድ ጊዜ ወጥሽ ይሸታል ብሎ በሬ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ። ወረድሁና «ውሻህም ይሸታል፤ እኔ ግን በሩ ላይ አልለጥፍለትም» አልሁት። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ መንገድ ይለቅልኛል።

ባለፈው ዓመት ኮሌጅ ገባሁ። አረጋውያንን መንከባከብ ነው የምማረው። ሥራውን ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼዋለሁ፤ ወረቀቱ ግን ስለሌለኝ ባለ ወረቀቶቹ አልጋ አጠገብ ሲቆሙ እኔ ወለሉን ነው የምወለውለው። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን የቤት ሥራውም ፈተናውም በኮምፒውተር እንደሆነ፣ ያለ ኮምፒውተር ማለፍ እንደማይቻል ነገረችን። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ፤ እኔ ከጽዳት ሥራ ስወጣ ግን እሱ ይዘጋል። ግቢው ውስጥ ለተማሪ በቅናሽ የሚሸጥ የቴክኖሎጂ ስቶር የሚሉት ሱቅ አለ። መታወቂያ ታሳያለህ፣ ለአንድ ተማሪ በዓመት አንድ ላፕቶፕ ብቻ ይሸጣሉ። ሁለተኛ ብትፈልግ በውጭ ዋጋ ነው፤ የውጭው ዋጋ የእኔ ኪስ የሚደርስበት አይደለም።

ይህን ለአያሌው በስልክ መንገሬ ነው ጥፋቱ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታ አፍ ያላላል። እሱም ወዲያው ልጁ ትብለጥ ዩኒቨርሲቲ እንደደረሳት፣ ኮምፒውተር እንደሚያስፈልጋት ነገረኝ። እኔም እንኳን ደስ ያላችሁ አልሁ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «በይ እንግዲህ ያንን ለልጅቱ ላኪላት። አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል? ስልኩ ይበቃሻል» አለኝ።

ይበቃሻል። ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ አይደለም።

አባታችን ሲሞት አንድ ዳማ ፈረስ ትቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ራሱ ተናግሮ ነው የሞተው፦ ዳማው ለይታይሽ ትምህርት ነው ብሎ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን እኔና አያሌው በአንድ ዓመት ወሰድን፤ እሱ ቀድሞ ወድቆ ስለነበር ለእሱ ሁለተኛው ነው። ሁለታችንም አለፍን፤ ማን በስንት እንዳለፈ የዚያን ጊዜ አብረውን የተማሩ ያውቃሉ። ለዘጠነኛ ክፍል ዳንግላ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየተጫነ መማር ነበረብን፤ ቤታችን ደግሞ ለሁለት የሚሆን አቅም አልነበረውም። አያሌው እናታችን አጠገብ ተቀምጦ፣ «ሴት ልጅ ነሽ፤ ስምንተኛ ይበቃሻል» አለኝ። እናታችን እሳቱን ቆሰቆሰች።

ፈረሱን ለገበያ ያወጣው እሱ ነው። የጎተትሁት ግን እኔ ነኝ፤ ዳማው ከእኔ በቀር ማንንም አይከተልም ነበርና። የእኛን አገር የፈረስ ገበያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ገዢው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ይጋልበዋል፣ ከዚያ እያጣጣለ ይዞረዋል፤ ወዶት ሳለ ነው የሚያጣጥለው። ጥሎ ይሄዳል። ሻጩ ይጠራዋል። ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማታሉ። ገመዱ ግን ከፈረሱ ጋር አይሸጥም። ገዢው የራሱን ገመድ ያስርና የሻጩን ይመልስለታል፤ ገመዱ አብሮ ከሄደ የቤቱ ሲሳይ ተከትሎ ይወጣል ይባላል። አያሌው ከገዢው ጋር መዳፍ ተማታና የተመለሰለትን ገመድ ለእኔ ወረወረልኝ። ያንን ባዶ ገመድ ይዤ ዘንገና ገባሁ። ምሰሶው ላይ ሰቀልሁት፤ ማንም እንዳያወርደው ብዬም ተናገርሁ። እሱ በፈረሱ ዋጋ ዳንግላ ሄዶ ተማረ፣ ጸሐፊ ሆነ፣ ዛሬ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክሎ ከሰሉን በመኪና ይጭናል። ለልጁ ኮምፒውተር መግዛት የሚያቅተው ሰው እንዳልሆነ ጥርባ ከተማ ድረስ ያለ ሁሉ ያውቃል። ብሩን አዲሱን ቤት መጨረሻ ፈልጎት ነው ነገሩ።

ስቶሩ የሄድሁት እንግዲህ ይህን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው። ሻጩ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። ቋንቋቸው አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በአማርኛ ስጽፈው እርስዎ አስብዬዋለሁ፣ ይገባኛልና። ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩትን አሳየኝ። አንዱን ወደድሁት። ስሜን ጻፍሁበት፣ አጠፋሁት፣ ደግሜ ጻፍሁት። ይሄንን ስጠኝ ስለው ወደ ጓዳ ገብቶ የታሸገ ካርቶን ይዞ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልሁት።

«ያዩት ነው፤ አዲሱ።»

«እኔ ያየሁት ያንን ነው። አንዱን አስጋልበህ ሌላውን ትሸጥልኛለህ?»

ልጁ ግራ ገባው። ሁሉም አንድ ናቸው፣ ከአንድ ፋብሪካ ነው የወጡት አለኝ።

«ከአንድ ማኅፀን የወጡም አንድ አይሆኑም» አልሁት። «ክፈተው።»

ከተከፈተ አይመለስም አለ። እንድመልሰው አይደለም የመጣሁት አልሁ። ከኋላዬ የቆሙት ተማሪዎች ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ ከፈተልኝ፣ አበራልኝ። አዲስ ነው፤ እንደ መስታወት ያበራል፤ ልቤ ደነገጠ። ስለዚህ እንደ ወጉ ማጣጣል ጀመርሁ። ቀለሙ አመድ ነው፣ ቀላል ነው፣ ንፋስ ይወስደዋል፣ ድምፁም የታፈነ ነው አልሁት። ዋጋውን ቀንስ ስለው ዋጋው የተጻፈው ነው አለኝ። እንግዲያው ይቅርብኝ ብዬ ተነሳሁ።

ቀስ ብዬ ነው የሄድሁት፤ ሻጭ የሚጠራው ቀስ ብሎ ለሚሄድ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ቆም ብዬ የማልፈልገውን የጆሮ ማዳመጫ አየሁ። አልጠራኝም። ወጣሁ። መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥሁና ጆሮዬን ወደ በሩ አድርጌ ጠበቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ አገር ይህን ያህል ኖሬ፣ ልጅየው ተጸጽቶ ይከተለኛል ብዬ ነው። ሲወጣ ለካ ለምሳው ነው። እንጀራዬን ያህል የሚሰፋ ሳንድዊች ይዞ ፊቴ ቆመና፣ «ሶሪ፣ የረሱት ነገር አለ?» አለኝ።

በረዶው እስኪያባራ ነው አልሁት። በመስኮቱ ፀሐይ ገብታ ሁለታችንንም ታበራን ነበር።

ልጁ ክፉ አይደለም። ፀሐይዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳንድዊቹን መልሶ ጠቀለለ። «የከፈትሁትን ለሌላ ሰው አልሸጥሁትም» አለኝና በሩን ያዘልኝ። ገብቼ የተጻፈውን ዋጋ ከፈልሁ። ስንጨርስ ሳላስበው መዳፌን ዘረጋሁለት። ሲያየው ቆየና የእሱን ከፍ አድርጎ እንደ ኳስ ተጫዋች አጋጨልኝ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ በማን ስም ይከፈት አለኝ። አያሌው አስቀድሞ መልእክት ልኮልኝ ነበር፦ ኮምፒውተሩ ሲደርሳት እንዳትቸገር በትብለጥ ስም ይሁን ብሎ። ስልኬ እጄ ላይ ነው፤ መልእክቱም ይታየኛል። ዳማውም የእኔ ነበር፤ በሰው አፍ ብቻ። «ይታይሽ» አልሁት። ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርሁት፤ ሲሳሳት አስተካከልሁት። ስሜ ስክሪኑ መሐል ላይ ወጣ።

እሑድ አያሌው ደወለ፤ በምስል ነው። አዲሱ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ከኋላው ትብለጥ ቆማለች።

«ገዛሽው?» አለኝ።

«ገዛሁት።»

«በማን ልትልኪው ነው? የሚመጣ ሰው አለ?»

«አልልከውም። የምማርበት እኔ ነኝ።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ለቁጣው ስንት ዓመት ያጠራቀምሁት መልስ ነበረኝ። እሱ ግን ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበና፣ «ያንን ፈረስ ዛሬም አልተውሽውም ማለት ነው» አለ።

ፈረስ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር። ያን ቀንም፣ ከዚያ በፊትም፣ በስልክ አንድ ጊዜ እንኳ አንስቼበት አላውቅም። እንግዲህ እሱም አልረሳም። ስልኩን ለልጁ ሰጥቶ ገባ።

ትብለጥን ሕፃን ሆና ነው የተውኋት። ፊቷን ስታቀርብ አገጩ የእኔ ነው፤ ስትናገር ድምፁም። «እቴቴ፣ ግድ የለም፤ እርስዎ ይማሩበት» አለችኝ። «እኔ ከጓደኛዬ እየተዋስሁ እሠራለሁ።» ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «አሮጌው ቤት ሲፈርስ አባዬ ያንን የምሰሶውን ገመድ ጣይው አለኝ። አልጣልሁትም። እኔ ጋ ነው።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ሄደ። ፊቷ ደርቆ ቀረ፤ አፏ እንደተከፈተ፣ የምትጨምረው ነገር ያለ ይመስላል። መልሼ ደወልሁ። አይነሳም። ደግሜ ደወልሁ።

ወሬውን የምታወሩ ሰዎች፣ ይህንንም ጨምሩበት፦ ኮምፒውተሩ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው። ከሥራ ስመለስ እከፍተዋለሁ፣ ስሜ ይወጣል፣ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ባለፈው ፈተና አልፌያለሁ። ለትብለጥ ይህን አልነገርኋትም። በየእሑዱ እደውላለሁ፤ ሲነሳ የሚያነሳው አያሌው ነው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከሰሉ ይነግረኛል፣ ልጅቱስ ስለው ትምህርት ላይ ናት ይለኛል። በምን እየተማረች እንደሆነ ልጠይቀው አፌ ላይ ይደርሳል። አልጠይቀውም። ስልኩን ሳልዘጋ፣ ከኋላው በረንዳው ላይ ማን እንደሚያልፍ አያለሁ።