ከሾፌሩ ኋላ ያለችው ወንበር

የአጎቴን የአርባ ተዝካር ባለፈው ሳምንት አወጣን። አጎቴ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል። መኪናው ቢሞላም ከኋላቸው ያለችውን ወንበር ከመናኸሪያ አያስይዟትም ነበር።

አምና በከተማችን የልጆች መጫወቻ ሲከፈት፣ ባለቤቱ የድሮውን ጉዞ ለማሳየት ብሎ ያረጀ አውቶቡስ ገዝቶ አስቀባ። በየወንበሩም ከእንጨት የተሠራ ተሳፋሪ አስቀመጠበት። ከዚያ አጎቴን ጠርቶ፣ "አባባ፣ ምን ጎደለው?" አላቸው።

"ምንም አልጎደለው፤ አንድ ሰው በዝቶበታል" አሉና ከሾፌሩ ኋላ ያለውን አስነሡት።

"ባዶ ወንበር እኮ ገበያ ያጣ መኪና ያስመስለዋል።"

"ባዶ አይደለም ልጄ፣ ተይዟል። መንገድ ላይ የቆመ ሰው አይጠፋም።"

እኔም መንገድ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ምጥ ይዞኝ፣ ባለቤቴ ደግፎኝ አስፋልት ዳር ስንጠብቅ፣ ሌላው መኪና ሞልቶ ሲያልፈን እሳቸው ቆሙ። እኔ መሆኔን ያወቁት ከተቀመጥሁ በኋላ ነው። ሆስፒታል ደርሼ ልጄን በሰላም ተገላገልሁ፤ ተመስገን።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ልጄን ይዤ ወደ መጫወቻው ሄድሁ። አጎቴ በሕይወት ሳሉ፣ በሰንበት የዚያን አውቶቡስ መሪ ይዘው ልጆቹን የሚያጫውቱት እሳቸው ነበሩ። አሁን የሾፌሩ ቦታ ሰው የለበትም። ልጄ ከኋላው ያለችውን ወንበር አይታ፣ "እማ፣ ሰው አለው?" አለችኝ።

"አለው" አልኋት። "ለአንቺ ነው ያቆዩት፤ ተቀመጪ።"

እግዚአብሔር ለእሳቸውም በቤቱ ቦታ ያቆይላቸው።