እንዳያብለጨልጭ አድርጊልኝ

ጋሼ የመኪናቸውን የባትሪ መያዣ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ተመለሱ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው እንደታመመ ልጅ ቀስ ብለው ገለጡት። ካስረከብኳቸው ሳምንት እንኳ አልሞላውም።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ችግር አለበት» አሉኝ።

«ምን ሆነብዎት? ተላጠ?»

«አልተላጠም። ያብለጨልጫል።»

ምስጋና መስሎኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። እሳቸው ግን እያመሰገኑኝ አልነበረም።

እኔ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ ብረት እየነከርኩ የማድር ሰው ነኝ። ያመጡልኝን ዕቃ ሁሉ ኒኬል፣ ክሮም ወይም ዚንክ ውስጥ ነክሬ አለብሰዋለሁ። ሱቁን ከአባቴ ወረስኩት፤ ሙያውንም፣ ሳሉንም። አባቴ «ፊትሽን ካላየሽበት አልጨረስሽም» ይለኝ ስለነበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ፓራውልት፣ በሰው ትሪና በሰው የበር እጀታ ላይ ፊቴን እያየሁ ነው የኖርኩት። መስታወት ገዝቼ አላውቅም። እንደ ጋሼ ያለ ቅሬታ ይዞብኝ የመጣ ሰውም አይቼ አላውቅም።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዟት ሰማያዊ ፊያት ሰይቼንቶ አለቻቸው። ለካ የድሮ መኪኖች ውድድር ላይ ሊያቀርቧት አስበው ኖሯል። ዳኞቹ መኪናዋ ማማሯን ሳይሆን፣ እያንዳንዷ ብሎን ከፋብሪካ ስትወጣ በነበረችበት መልክ መኖሯን ነው የሚያዩት አሉኝ።

«ታዲያ ፋብሪካው ይሄን መያዣ ምን አድርጎት ነበር?»

«ደብዛዛ።»

«ደብዛዛ?»

«ደብዛዛ። እንዳያብለጨልጭ አድርጊልኝ።»

ከኪሳቸው የቤንዚን ቧንቧ የምታቅፍ ትንሽ ማሰሪያ አውጥተው ውስጧን አሳዩኝ። ውጭዋ ዝጓል፤ ቧንቧው ላይ ተለጥፎ የኖረው የውስጥ ጎኗ ግን አየርም ውሃም ሳያገኘው እንደተሠራ ቀረ። ፈዘዝ ያለ ብርማ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ትንሽ ቢጫ ብልጭ ይልበታል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ግን ፊቴን ብፈልግበት የለሁም።

ከዚያ በኋላ መከራዬን አየሁ። የሚያበራውን ፈሳሽ ሳልጨምር ዚንክ ውስጥ ነከርኩት፤ ዥጉርጉር ሆኖ ወጣ። ቢጫ የሚሰጠውን ማጥለቂያ ሞከርኩ፤ እርድ ውስጥ የወደቀ መሰለ። ጋሼ በየጊዜው እየመጡ ሥራዬን ወደ ደጅ ያወጡና ፀሐይ ላይ ያገላብጡታል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «በጣም አማረ። አይሆንም» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ፍርድ እንኳን ምናለሽ ተራ፣ የትም የለም።

በመጨረሻ ቀለሙን አገኘሁትና ብሎኖቹን፣ መያዣውን፣ የሞተሩን ክዳን ማጠፊያዎች ደጅ ላይ አሰጣኋቸው። ማጠፊያዎቹ ብቻቸውን ሌላ ጣጣ ነበራቸው፤ እንደ ዝናብ ደመና ጥቁር ግራጫ መሆን ነበረባቸው። ቁልፍ የሚሸጠው ጎረቤቴ አልፎ ሲሄድ ቆሞ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ። ትሪዎቹን ሊያስነክር የመጣ የምግብ ቤት ባለቤትም የተሰጡትን ብረቶች አየ፣ ትሪዎቹን አየ፣ ከዚያ «ስልክ መጣብኝ» ብሎ ትሪዎቹን እንደያዘ ወጣ። ስልኩ ሲጮህ አልሰማሁም።

የጋሼ ባለቤት የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። በርበሬ በረንዳ ሱቅ ስላላቸው፣ ከእሳቸው በፊት በርበሬያቸው ነው የገባው። እኔ አነጠስኩ፤ ጎረቤቴም ከወዲያ በኩል አነጠሰ።

«ጣውንቴን የምታኳኩዪያት አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ይቀመጡ» አልኳቸው፣ ጣውንቷ ሰይቼንቶዋ መሆኗ ገብቶኝ።

አልተቀመጡም። አንድ ብሎን አንስተው በጣታቸው አሹት። «እነዚህ ገና ያልታጠቡት ናቸው?»

«አይ፣ ያለቁት ናቸው።»

ብሎኑን በቀስታ መለሱትና ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ልጆች አሉሽ?» አሉኝ፣ በሐዘኔታ።

ውድድሩ እሑድ ጠዋት አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። ጋሼ «ሥራሽን ሲያዩልሽ እይ» ብለው ጋብዘውኝ ሄድኩ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ሰይቼንቶዋ አጠገብ ቆመዋል። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎናቸው አሉ። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ እጀታ ያለው መስታወትና የእጅ ባትሪ ይዘው ከመኪና መኪና እያጎነበሱ ወደ እኛ ይመጣሉ። የሰይቼንቶ ሞተር ከኋላ ነውና ጋሼ በኩራት ወደ ኋላ ዞረው የሞተሩን ክዳን ከፈቱ።

የጠዋት ፀሐይ ገባበትና ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን።

ያበራል! ብሎኑ ያበራል፣ ማሰሪያው ያበራል። ያ መከራዬን ያየሁበት ግራጫ ማጠፊያ እንደ ሠርግ ማንኪያ ያብለጨልጫል። ፊቴን አየሁበት፤ አፌ ተከፍቷል።

«ማነው የነካው?» አሉ ጋሼ፣ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ፣ ጮክ ብለው። «አንተ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ልትስም ስትሄድ እኔ ሥራ አልፈታሁም። በአመድ ፈተግኩት፣ እምቢ ያለውን በድስት ሽቦ። ይሄ ሁሉ ሰው ሊያይ መጥቶ ‹ሚስቱ ምን ዓይነት ናት?› ይበለኝ?»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። አሁን ፈነዱ ብዬ ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ። እሳቸው ግን የሚስታቸውን እጅ አዩት። ጣቶቻቸው ጠቁረዋል፤ አንደኛው በሽቦ ተቧጥሯል።

«እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ጣውንት ስፈትግ።»

«ያምሻል?»

«ትንሽ።»

ጋሼ ከኮታቸው ኪስ መሐረብ አውጥተው የእትዬን ጣት ጠቀለሉላቸው። ዳኞቹ የደረሱት ይሄኔ ነው። አንዲቱ ዳኛ አጎንብሳ አየችና ቀና አለች።

«አባባ፣ ይሄ ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ አይመስልም።»

«ፋብሪካ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ።

«እማማ፣ ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ አያበራውም ነበር።»

«ታዲያ ፋብሪካው ሰነፍ ቢሆን እኔም ልስነፍ?»

አንዱ ዳኛ ጎማ የሚያይ መስሎ ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያቺ ዳኛ ግን ፈገግ እንኳ አላለችም። «ደንቡ ነው እማማ፤ ነጥብ እንቀንሳለን።»

«ልክ ናችሁ፣ ቀንሱ» አሉ ጋሼ። «ግን ማን እንዳበራው ጻፉልኝ። ባለቤቴ ናት።»

መጻፍ አለመጻፋቸውን አላውቅም። ውጤት ሲነገር ከእኛ በታች የወጣው ተገፍቶ የገባ መኪና ብቻ ነበር።

ስንመለስ እኔ ከኋላ ተጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ሲኒማ ራስ ልንደርስ ስንል እትዬ «ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ» አሉ።

«አንድ ዓመት ሙሉ ነገርኩሽ እኮ።»

«ስለ ፋብሪካ ነው የነገርከኝ። እኔ የሰማሁት እንግዳ ይመጣል የሚለውን ነው።»

ጋሼ መሪያቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው እያየለ ሄዶ፣ እኒያ ስንቱን ሰው መንዳት ያስተማሩ ሰው ዳር ይዘው ለመቆም ተገደዱ። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ። እትዬ ትንሽ ተኮሳትረው ቆዩና እሳቸውም ሳቁን ለቀቁት። እኔማ ከፈረሰው ልፋቴ ጋር አብሬ ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

በሳምንቱ ብሎኖቹን ይዘው የመጡት ራሳቸው እትዬ ናቸው። በበርበሬ ከረጢት ውስጥ አድርገዋቸው ስለነበር ሱቁ ውስጥ እየተነጣጠስን ነው የቆጠርናቸው።

«በይ እንግዲህ፣ ካላበላሸሻቸው አልወድም ካለ አበላሺያቸው» ብለው፣ ያን ቀን ተቀመጡ። ከማጥለቂያው ባወጣሁ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ። «ይሄ ጠቆረ። ይሄኛው ገረጣ። እሱን፣ እሱን ተይው።» ዕድሜ ልካቸውን የበርበሬ ቀለም ሲለዩ የኖሩ ናቸውና ምክራቸው ጠቀመኝ። ጋሼ ማምሻውን መጥተው ደጅ አውጥተው አገላበጡና «አላማረም» አሉ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ።

በሚቀጥለው ውድድር ለሞተር ክፍሉ የምስክር ወረቀት አገኙ። እትዬ ወረቀቱን በፍሬም አስገብተው በርበሬ በረንዳ፣ ሱቃቸው ውስጥ ሰቀሉት። ብናኙ በስንጥቁ እየገባ ጽሑፉን አቅልቶት አሁን ማንም አያነበውም። ባለፈው ሚጥሚጣ ልገዛ ስገባ አንዲት ደንበኛ ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሰማሁ።

«በንጽሕና ተሸልመን ነው» አሏት።

ጋሼ ጥግ ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔን አዩኝ፣ ቀና ብለው ወረቀቱን አዩት፣ ከዚያም «አዎ፣ በንጽሕና ነው» አሉ።