በቅበላ ያልተተወው መድኃኒት

እኛ መንዞች መተው የምናውቀው በአንድ ሌሊት ነው። በዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ በቅበላ፣ ሥጋውም ቅቤውም እስኪበቃ ይበላል፤ ሲነጋ ድስቱ ሳይቀር ታጥቦ ተነሥቷል። በዚህ እናቴን የሚስተካከላት የለም። ሐኪሜ የድብርት መድኃኒቴን መቀነስ እንደምንጀምር የነገረችኝ ቅበላ በተቃረበበት ሰሞን ነበርና፣ እናቴ ነገሩን በአፍታ ጨረሰችው።

«በቅበላ ተዪውና ተገላገዪ።»

«እቴቴ፣ ሐኪሟ ወራት ይፈጃል ብላለች።»

«እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ቅቤ ስተው ወራት ፈጅቶብኛል?»

እዚሁ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ሙግት አልፈራም። ግን የእናቴ ችኮላ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገብስ በሚታጨድበት ወር፣ ትኩሳት ሳይኖረኝ፣ ቁስል ሳይኖረኝ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ጸጉሬን የምታበጥረው እሷ፣ የምታጎርሰኝ እሷ ነበረች። በዚያው ሰሞን የአህያው መጫኛ ጠፍር ከተሰቀለበት ጠፋ። «ሌባ ወሰደው» አለች። በጎቹን ትቶ ጠፍር የሚሰርቅ ሌባ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ማን ከእኔ እንዳራቀው፣ ለምን እንዳራቀውም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ምርት በገባ ቁጥር የጎረቤት መጫኛ እየተዋስን ጫንን፤ እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኋት።

በመድኃኒቱና በክትትሉ ተነሣሁ፤ ወደ ተማሪዎቼም ተመለስኩ። ደህና ሆኜ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው ሐኪሟ «ከፈለግሽ ቀስ ብለን እንሞክር» ያለችኝ። በድንገት ማቆም ሰውነትን እንደሚያናጋ፣ አንዱ ቅናሽ ሳይደላደል ሌላው እንደማይመጣ አስረዳችኝ፤ አነስ ያለውንም ፍሬ አዘዘችልኝ። እናቴ አልተዋጠላትምና ለንስሐ አባታችን ከሰሰችኝ። እሳቸው አቤቱታዋን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ሐኪሟ እንዳዘዘችው ትውሰድ፤ ጸሎቱን እኔና አንቺ እንጨምርበት» አሏት። እናቴ እስከ ፋሲካ አኮረፈችኝ።

የመጀመሪያው ቅናሽ እንደ ዋዛ አለፈ። ሁለተኛው ግን አሳየኝ። ብድግ ስል መሬቱ ይዞራል፤ ኤሌክትሪክ የነካኝ ይመስል ራሴን ይነዝረኛል፤ አንዱ ተማሪ ጠመኔ ስለሰበረ አለቀስኩ። ስደውልላት ሐኪሟ ወደ ቀድሞው መጠን መለሰችኝና፣ ከተረጋጋሁ በኋላ ባነሰ እርምጃ እንደምንቀጥል ነገረችኝ። ተናደድኩ። የወጣሁትን ዳገት ተመልሼ መውረድ ሞቴ ነው። «በቅበላ ብተወው ኖሮስ?» ብዬ እልሄን በእናቴ ላይ ልወጣ ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት። ፈርታ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነች። «እንቅልፍ ወሰደሽ? በላሽ? ልብሽ እንዴት አደረ?» ሳትል ትምህርት ቤት አትሰደኝም። እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ሐሳብም ከጨለመ ቶሎ ንገሩኝ የሚለውን የሐኪሟን ቃል ከእኔ ይበልጥ ይዛዋለች። አንድ ቀን መንገዱ ረዘመ ብዬ ባማርር፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ ገሠጸችኝ፤ ያቺው በቅበላ ተዪው ያለችኝ ሴትዮ።

የመጨረሻዋን ፍሬ የዋጥኩት ክረምቱ ሲወጣ፣ በአንድ ተራ ማክሰኞ ነው። በዓል የለ፣ የታረደ በግ የለ። እናቴ ቅር አላት፤ ጾም ሲፈታ መፈሰክ ነው የለመደችው። እኔ ግን ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? በአንድ ሌሊት በሚተው አገር ቀስ ብዬ መተው የቻልኩ እኔ ነኝ። ሐኪሟ ክትትሉን እንዳላቋርጥ፣ ሕመሙ ቢመለስም መድኃኒቱን እንደገና መጀመር ሽንፈት እንዳልሆነ ነግራ ሸኘችኝ።

ከዚያ ያ የተኛሁበት ወር መጣ። እናቴ በየንጋቱ በሬን ገፋ አድርጋ ታየኛለች፤ እኔም እንዳላወቅኩባት ዓይኔን ጨፍኜ አሳልፋታለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ገብሱ ተወቅቶ፣ ጆንያው ሞልቶ፣ አህያው አውድማው ዳር ቆሟል። የጎረቤቱን መጫኛ ልዋስ ስነሣ እናቴ «ቆይ» አለችኝና ወደ ቤት ገባች።

ስትመለስ የእኛን መጫኛ ይዛለች። ያን ያህል ዓመት የተደበቀ ጠፍር ደርቆ መሰነጣጠቅ ነበረበት። ስነካው ግን ለስላሳ ነው፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እየደበቀችውም በየጊዜው ስታሸው ኖራለች።

«ተገኘ» አለች፣ ሳታየኝ።

የት ነበር አላልኳትም። ጆንያውን አብረን አነሣን። እሷ በአህያው ወዲያ ማዶ ቆመችና ጫፉን በጭነቱ ላይ አሻግራ ሰጠችኝ።

«አጥብቀሽ ሳቢ» አለችኝ።

ሳብኩ።