ጫፉን የሞረድኩት ወረንጦ

ስልክ የሚጠግን ሰው ካቻቢቴ ያበድራል፣ ሞረድ ያበድራል፣ ምሳውን ሳይቀር ያካፍላል። ወረንጦውን ግን አያበድርም። ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ እኛ በምንሠራበት ፎቅ ላይ ይህን የማያውቅ ፉንዲ፣ ጠጋኝ፣ የለም። የሌላ ሰው ጣት የለመደ ወረንጦ አለቀለት ይባላል።

የእኔው ከመንገድ የተገዛ ተራ ብረት ነው። ጫፉን ሦስት ቀን ሙሉ በሞረድ አሾልኩትና አንዱን እግሩን ወደ ግራ ትንሽ አጎበጥኩት። ከዚያ በኋላ ከስልክ ሆድ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር ለቅሞ ጎረቤቷን ሳይነካ ይወጣል። ማግኔት ስለሚስበው ከድምጽ ማጉያ አጠገብ አላስቀምጠውም። ሌላ ነውር የለበትም።

የምንሠራበት የመስታወት ባንኮኒ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የጋሼ ነው። ጋሼ የሞያሌ ሰው ናቸው፤ ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ያን ሰሞን ወረንጦዬን ማየት አበዙ።

«እስቲ ወዲህ በይው» ብለው ወደ መብራቱ አስጠግተው ያገላብጡታል። «በየትኛው ጎን ነው የሞረድሽው?»

«ምን ሊያደርጉት ነው ጋሼ?»

«እንዲያው ነው።»

እንዲያው ነው የሚል ሰው አላምንም።

ማክሰኞ ከሰዓት ወረንጦዬ ጠፋ። ባንኮኒውን ገለበጥኩ፣ ወንበሩን ገለበጥኩ፣ ቆሻሻ መጣያውን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩ።

«ፀጉርሽ ውስጥ ፈልጊ፤ እዚያ ውስጥ የማይገባ ነገር የለም» አሉ ጋሼ።

አልሳቅኩም። እሳቸውም ተነስተው አልፈለጉም። ይህን ልብ አልኩ።

ሦስት ቀን በአዲስ ወረንጦ ሠራሁ። ሐሙስ ዕለት ከአንድ ተማሪ ስልክ ላይ ያነሳኋት ቅንጣት ከጫፉ ተስፈንጥራ ጠፋች፤ ስልኩም በዚያው ሞተ። ልጁ ስልኩን ይዞ ከሄደ በኋላ ዓይኔ ከጋሼ መሳቢያ ላይ አልነሳ አለ።

ዓርብ ጋሼ ለጁምዓ ወጡ። የሰው መሳቢያ አይከፈትም፤ ወረንጦ ካለማበደርም የሚብስ ሕግ ነው። ከፈትኩት። በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ የተጠቀለለ ወረንጦ አገኘሁ። ጫፉ የሾለ፣ አንድ እግሩ የጎበጠ። በሞረድ የተበላው ቦታ ገና ያብለጨልጫል።

ሲመለሱ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኳቸው። ወረንጦውን አላዩትም፤ መሳቢያውን ነበር ያዩት።

«ከፈትሽው?»

«ሰረቁኝ?»

ይህን በአማርኛ ብናገረው ይሻል ነበር። በስዋሂሊ አልኩት፤ ምዊዚ አልኳቸው፣ ሌባ። ናይሮቢ ውስጥ ይህ ቃል ሰው ያስደበድባል። ጮክ አላልኩም፤ ስክሪን የምትሸጠው ጎረቤታችን ግን አንገቷን አወጣች፣ ከኋላዋም ሌሎች ሁለት።

ጋሼ ቁጭ አሉ። «ያዢውና ሥሪበት» አሉኝ። «ያንቺ ከሆነ እጅሽ ያውቀዋል።»

ያዝኩት። እጄ ወዲያው አወቀ። የላላ ነው፤ ጉብጠቱም ወደ ቀኝ ነው። የእኔ አይደለም። ሦስቱ ጎረቤቶች አፌን አፌን ያያሉ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ጋሼ አሮጌ ወረንጧቸውን አነሱ። ቅዳሜንም ሰኞንም በእሳቸው ወረንጦ ሠራሁ፤ እሳቸው ደግሞ በአሮጌው እየተንደፋደፉ ዋሉ። ስክሪን ሻጯ ጋሼ ባለፉ ቁጥር ዕቃዋን ወደ ራሷ ትስባለች።

ማክሰኞ ኪሊማኒ ሰፈር ሆቴል ቤት ውስጥ የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ መጣች። ባለፈው ማክሰኞ የቻርጀር ቀዳዳ ቀይሬላት ነበር። ስልኳ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ በማግኔት የሚዘጋ ከቨር አለው።

«እህቴ፣ ይሄን ከከቨሩ ጋር ነው የሰጠሽኝ?» ብላ ወረንጦዬን አወጣች። «ቦርሳዬ ውስጥ ተለጥፎበት አገኘሁት። ስጦታ መስሎኝ ቅንድቤን ስለቅምበት ሰነበትኩ። ኧረ ጉድ ነው! ሌላ አለሽ?»

«ቅንድብሽስ አምሮብሻል» አሏት ጋሼ። ወደ እኔ አልዞሩም።

ሴትየዋ ስትሄድ የእሳቸውን ወረንጦ ፊታቸው አስቀመጥኩ። «የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። አንቺም ታውቂ ነበር።»

«ለምንድነው የእኔን አስመስለው የሠሩት?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዓይኔ ደክሟል። ጫፉ ካልቀጠነ የማነሳው አይታየኝም። ያስተማርኳትን ልጅ አበድሪኝ ልበላት?»

«ቢጠይቁኝ…»

«ትሰጪኝ ነበር?»

አልሰጣቸውም ነበር።

ከዚያ ስክሪን ሻጯ ዘንድ ሄድኩ። ሌቦቼ ማግኔትና ቅንድብ ናቸው፣ ጋሼን ያለስማቸው ስም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንድ ነገር ጠየቀች።

«ታዲያ የሽማግሌው ወረንጦ ያንቺን ለምን መሰለ?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ዓይኑ ለደከመ ፉንዲ ማን ስልኩን ይሰጣል? ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ፎቁን ያዳርሰዋል። ሌባ የሚለውን ስም ለማንሳት ሥራቸውን ልወስድባቸው ነው።

«እኔ ነኝ የሠራሁላቸው» አልኩ። «ረስቼው ነው።»

«ሠርተሽ ሰጠሽ። ረሳሽ። ከዚያ ሌባ አልሽ።»

«አዎ።»

አላመነችኝም። እኔም ብሆን አላምንም። ግን ከዚያ በኋላ የምታየው እኔን ነው፤ እኔ ሳልፍ ነው ዕቃዋን የምትስበው።

ጋሼ መሳቢያቸው ላይ ቁልፍ አስገጠሙ። ዓርብ ዓርብ ከመውጣታቸው በፊት ሁለቴ ስበው ያዩታል፤ እኔ እያየኋቸው። ባለፈው ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ ወረንጦዬን እንዲሠሩበት በጨርቅ ጠቅልዬ በእሳቸው በኩል አስቀምጬ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ከቦታው አልተነካም። የተነካ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ጨርቁ ላይ አንዲት ፀጉሬን አጋድሜ ነበር።