ዝምተኛው ማርሚታ

ዊያርድ ሃበን ከመታየቱ በፊት የሚሰማ ሰው ነበር። እሱ ራሱስ አፉን ለመብል ካልሆነ የማይከፍት ዝምተኛ ነው፤ የሚጮኸው ሞተር ሳይክሉ ነው። ማርሚታውን፣ ያን የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ፣ ዝገት በልቶት፣ ገና ድልድዩን ሳያልፍ ጩኸቱ ሜዳውን አቋርጦ መንደር ይደርሳል። ላሞቹ እንኳ ስለለመዱት ቀና ብለው አያዩትም። የኛ ፍሪዝላንድ፣ ይህ የሰሜን ጀርመን ባሕር ዳርቻ፣ እንደሆነ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ድምፅ የሚያስቆም ጉብታ የለውም።

ዕድሜውን ሙሉ ከየእርሻው ወተት የሚሰበስብ ቦቴ ሲነዳ ኖረ። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሚስቱ ግሬትዬ ሞተችበት። ልጅ የላቸውም። ከዚያ ወዲህ እቤቱ የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ሬዲዮውም የነፋሱን አቅጣጫ እንጂ እንዴት ዋልክ አይል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሲጫነው ሞተሩን አስነስቶ ወደ ወደቡ ይሄዳል፣ ዓሣ በዳቦ ይበላል፣ ባሕሩን ትንሽ ያያል፣ ሲመሻሽ ይመለሳል። ይኸው ነው ኑሮው።

ከቦዩ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቱ፣ ቴዳ ኡልፈርትስ የምትባል ባል የሞተባት ሴት አለች። ሌላው ቤት ሁሉ የበጋ እንግዳ የሚከራየው ስለሆነ ከመከር በኋላ በዚያ መንገድ መብራት የሚበራው ሁለቱ ቤት ብቻ ነው። ታዲያ ሁለቱ ሰዎች ምን ያህል ይቀራረባሉ ቢሉ፣ ከቦዩ ወዲያና ወዲህ ሆነው «ሞይን» ይባባላሉ፣ አለቀ። ሞይን ለጠዋቱም ለማታውም ይሆናል። ሁለቴ የደገመውን ወሬኛ እንለዋለን። ያንንም ቢሆን በ«እርስዎ» ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት እርስዎ እንደተባባሉ ኖሩ።

ነገሩ ያለው መስኮቷ ላይ ነው። ዊያርድ ማታ ማታ ገብቶ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ማዶ የቴዳ የወጥ ቤት መስኮት መዝጊያ፣ ያ ከላይ ተጠቅልሎ የሚወርደው፣ ግርርር ብሎ ወርዶ ጓ ይላል። አንድ ቀን አይዘልም። ሰው እንዲህ መስኮቱን ፊትህ ላይ ሲከረችም ምን ማለት ነው? «አንተ ጯሂ፣ ጆሮዬን በጠስከው» ማለት ነው፤ ለዊያርድ እንዲያ ነው የገባው። እኛ ሰዎች ደግሞ ቅር ሲለን አፍ አውጥተን አንናገርም፤ በርና መስኮት ይናገርልናል። ያች ጓ የምትለው ነገር በየማታው ደረቱን ትመታዋለች። ካለችው አንዲት ጎረቤት ጋር ተጣልቶ ሊሞት ነው። ሄዶ ይቅርታ እንዳይላት ደግሞ ምን ብሎ ይጀምር? በመጨረሻ፣ አንድ ጥቅምት ላይ፣ ማርሚታውን ሊለውጥ ቆረጠ።

የጋራዡ ባለቤት ኦኮ ከቦቴው ዘመን ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ነው።

«የትኛውን ላምጣልህ፣ የሚያገሳውን?» አለው።

«የማይሰማውን።»

«ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ከሰፈር የሚያስባርረውን ነው። አሞሃል እንዴ፣ ዊያርድ?»

«ጎረቤት አለችኝ።»

«እህ» አለ ኦኮ፣ ረዘም አድርጎ። «ቆንጆ ናት?»

«ቁጡ ናት።»

«ሁለቱም አንድ ነው እኮ።» ኦኮ እየሳቀ አንዱን አወረደለት፤ ፖሊስ ሲያስቆም ጎንበስ ብሎ የሚፈልገውን ማኅተም አሳየው። «በል፣ ድመት ሆነህ ትገባለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ዊያርድ ሞተሩን መጋዘኑ ውስጥ አቆመና ሥራውን ጀመረ። ዝገት የሚያላቅቀውን ዘይት ከዋዜማው ቀብቶት ነበር፤ አንዱ ዳዶ እሺ አለ፣ ሁለተኛው ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ። በጋዝ እሳት አጋለውና እንደገና የመፍቻ ቁልፉን አስገብቶ ሲታገለው ዳዶው ተሰነጠቀ። አሮጌው ማርሚታ እጁ ላይ ወደቀ፤ ውስጡ ያለው ዝገት እንደ ደረቅ ባቄላ ተንኳኳ። ጥግ አስቀመጠው። ሊጥለው አላስቻለውም፣ ምክንያቱንም ራሱን አልጠየቀም።

ማርሚታ መግጠም ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከኋላ ይዞ ደረጃውን ይጠብቃል፣ ሌላው ከፊት ቀለበቱን አስገብቶ ዳዶውን ያስይዛል። ዊያርድ ተንበርክኮ የፊተኛውን ጫፍ ከቱቦው ጋር አገናኘና እጁን ወደ ዳዶው ሰደደ።

«ያዢልኝ» አለ፣ ሳያስበው።

መጋዘኑ ጭር እንዳለ ነው። ግሬትዬ ነበረች እንዲህ ያለውን የምትይዝለት፤ ክንዴ ዛለ እያለች፣ እየነዘነዘችው፣ ሳትለቅም። ዊያርድ ተነስቶ ማርሚታውን በገመድ ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንጠለጠለው፣ ከሥሩም የድንች ሣጥን አስደገፈ። ገመድ አይነዘንዝም። መጀመሪያ ሁሉንም ብሎን ላላ አድርጎ አስያዘ፣ ቀጥሎ ከሞተሩ በኩል ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ አጠበቀ፤ እንዲያ ካልሆነ ብረቱ ተወጥሮ ይቀርና አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ሲያስነሳው ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት አንኮራፋ። እውነትም ኦኮ አልዋሸም።

ደስ አለው። ወደብ ሄደ፣ ዓሣውን በላ፣ ሲመሻሽ ተመለሰ። በሜዳው ሲያልፍ ላሞቹ ደንግጠው ቀና አሉ፤ ምን መጣ ሳይሉ አልቀሩም። ድልድዩን አለፈ፣ ወደ ግቢው ገባ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ጆሮውን ቀሰረ።

መዝጊያው አልወረደም።

ወጥ ቤት ገብቶ መብራት ሳያበራ ተቀመጠ። ከጨለማ ሆነው ሲያዩት የቴዳ መስኮት ወለል ብሎ ይታያል። በመጀመሪያ «አልሰማችኝም፣ ተሳካልኝ» አለ። ሻይ አፍልቶ ጠጣ። አሁንም መዝጊያው እንደተከፈተ ነው። ያኔ ደስታው ቀስ እያለ ከሰመና በቦታው አንድ ባዶ ነገር ተቀመጠ። በቀን አንድ ጊዜ እሱን አስቦ የሚንቀሳቀስ የሰው እጅ ነበረው፣ ለቁጣም ቢሆን። እሱንም በገዛ ቁልፉ ፈትቶ ጣለው።

እንዲህ ሲብሰለሰል ማዶ በር ተከፈተ። ባትሪ በራ። ቴዳ በቤት ጫማዋ፣ በቀሚሷ ላይ የዝናብ ካፖርት ደርባ፣ ወደ መንገዱ መታጠፊያ እየሄደች መብራቱን ቦዩ ውስጥ ታበራለች፤ ትቆማለች፣ ትጎነበሳለች፣ ደግማ ታበራለች። ዊያርድ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ወጥቶ ወደ ማዶ ተሻገረ።

«ሞይን፣ ወይዘሮ ኡልፈርትስ። የጠፋብዎት ነገር አለ?»

ባትሪውን ፊቱ ላይ አበራችበት።

«አንተ» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ የት ነበርክ?»

አንተ። ዊያርድ ቃሉ ላይ ተሰናከለ። «እ... እቤት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየሁ። ሻይ ጠጥቼ ጨርሻለሁ።»

«ሞተሩስ?»

«አዲስ ማርሚታ ገጠምኩለት። እንዳይረብሽዎት ብዬ።»

«ረበሸኝ ያለህ ማነው?»

«መዝጊያውን... እኔ በገባሁ ቁጥር በንዴት ይለቁት የለም እንዴ?»

ቴዳ ባትሪውን ወደ መሬት አወረደች። «በንዴት? ጠፍሩ አርጅቶ ነው የሚያመልጠኝ። ድልድዩ ላይ ስትደርስ እሰማሃለሁ፣ እስክትገባ እጠብቃለሁ፣ ስትገባ እዘጋለሁ። ሌላ ማንን ልጠብቅ?» ወደ ቦዩ ዞራ ጨመረች፦ «ባሌ በሳይክል ነው የወጣው። ሳይክል አይሰማም። ሲነጋ ነው ከቦይ ያወጡልኝ።»

ዊያርድ ካፖርቷ ከትከሻዋ ሲንሸራተት መልሶ ደረበላት።

ቤቷ አስገባችው። በሲኒው ሥር የስኳር ድንጋዩን አኑራ ሻዩን ስታፈስበት ቀጭ ቀጭ አለ፣ ክሬሙን በጠርዙ ለቀቀችው። በኛ ዘንድ እንግዳ በቃኝ ሲል ማንኪያውን ሲኒው ውስጥ ያቆማል። ሦስተኛው ሲኒ አለቀ፤ ዊያርድ ማንኪያውን አልነካም። ቴዳ አየችው፣ አራተኛውንም ቀዳች።

«አሮጌውን መልሰህ ግጠመው» አለች።

«ዝገት ጨርሶታል... ጨርሶታል፣ ቴዳ።»

«እንግዲያው ድልድዩ ላይ ስትደርስ ጡሩምባ ንፋ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው?» አለች በመስኮቱ ወደ ጨለማው መንገድ እያየች። «እዚህ ማን አለ?»

ዊያርድ ተሻግሮ ቤቱ ገባና የወጥ ቤቱን መብራት አበራ። ወዲያው ማዶ ግርርር አለ፣ ጓ። ያው ድምፅ ነው፣ አንድም የተለወጠ ነገር የለውም። እጁን ማብሪያው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ያን ሁሉ ማታ ደህና ገባህ ሲባል ኖሯል፣ እሱ ግን ስድብ መስሎት አንገቱን ሰብሮ ሲተኛ ኖረ። እነዚያን ማታዎች ማን ይመልስለታል?

«ደህና እደሪ፣ ቴዳ» አለ፣ ጮክ ብሎ።

መዝጊያው ወርዷልና አልሰማችውም።